ንብረት ክፍል የቆለፈበት የመኪናዬ መጽሐፍ

አሁን የማሠራው የሩዝ መፈልፈያ ማሽን አንድ ማብሪያና አንድ ማጥፊያ ብቻ ነው ያለው። አረንጓዴውን ስጫነው ይጮኻል፣ ቀዩን ስጫነው ዝም ይላል። በሕይወቴ ዝም በል ብዬው ዝም ያለ የመጀመሪያው ፍጡር እሱ ነው።

ወረታ ገበያ ዳር፣ መፈልፈያው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የሚያዩኝ ሰዎች፣ «ምነው ስማቸው፣ ሾፌርነቱን ተውከው? ገና ጎረምሳ አይደለህም እንዴ?» ይሉኛል። ሃምሳ አራት ዓመት ጉርምስና ከሆነ አፋቸው ይባረክ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ዓይኔ ደከመ» እላለሁ፤ ሐኪሙም ወረቀቱ ላይ የጻፈው ይህንኑ ነው። እውነቱን ለመናገር የደከመው ትዕግሥቴ ነው። መኪና መኪናነቱን ትቶ በሩን ለማስከፈት ማመልከቻ የሚጻፍለት መሥሪያ ቤት ሲሆን ጊዜ ሰው ምን ያድርግ?

ሥራ የጀመርኩት ደርግ በወደቀ ማግስት ነው፤ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት። የማልጠራው ጡረታዬን እንዳያቋርጡብኝ ነው። ደመወዜን ደግሞ የማልጠራው ስለማፍር ነው። መሪ ያስጨበጡኝ ጋሽ አድማሱ የሚባሉ አንጋፋ ሾፌር ነበሩ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ከገዛ ጥላቸው ጋር እንኳ የማያወሩ ሰው። መኪናችን «እሜቴ» ትባል ነበር። ዕድሜዋን የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔ በበኩሌ ኖኅ ከመርከቡ ሲወርድ የተሳፈረባት ይመስለኛል።

ጋሽ አድማሱ ጠዋት ጠዋት እሜቴን ካስነሡ በኋላ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እንደ ንስሐ አባት ነበር የሚሰሟት። ከዚያ «ሁለተኛው ፒስተን ታሟል» ይሉና ቁጭ ብለው ይፈቱታል። ተፈትቶ ሲታይ ታሞ የሚገኘው ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው። እኔ ስሞክረው ለሁለት ዓመት የሰማሁት የገዛ ልቤን ምት ብቻ ነበር።

ትልቁ ልማዳቸው ግን ውኃ ላይ ነው። ፎገራ በክረምት መሬት መሆኑን ይረሳል። የርብ ወንዝ ከጉና ተራራ ያመጣውን ሁሉ ሜዳው ላይ ይዘረግፈዋል፤ ትናንት መንገድ የነበረው ዛሬ ጀልባ ይፈልጋል። ውኃ ጋ ስንደርስ ጋሽ አድማሱ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ በቢላ ሁለት ቦታ የተቆረጠ ዱላቸውን ይዘው፣ መጀመሪያ በእግራቸው ይገባሉ። የታችኛው ምልክት የጭስ ማውጫው ከፍታ ነው፤ የላይኛው የሞተሩ ማራገቢያ። ውኃው ከላይኛው ካለፈ ዞረን እንመለሳለን። ካላለፈ የማራገቢያውን ቀበቶ ይፈታሉ፣ የእሜቴን ፊት በጆንያ ይሸፍናሉ፣ በአንደኛ ማርሽ እግራቸውን ከነዳጁ ሳያነሡ ይሻገራሉ። ማዶ ሲደርሱ ፍሬኑ እስኪደርቅ ቀስ እያሉ ይረግጡታል።

አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ ከሚቀዘቅዝዎ ያንን ገበሬ ለምን አንጠይቀውም?» አልኳቸው።

«ገበሬው ጨዋ ነው» አሉኝ። «ያሻግራል ወይ ስትለው እንዳያሳዝንህ ያሻግራል ይልሃል። ውኃው ግን አያውቅህም።»

እሜቴ መጽሐፍ አልነበራትም። መሪው አጠገብ ጋሽ አድማሱ በቁስል ፕላስተር የለጠፏት አንዲት ቁራጭ ካርቶን ነበረች፦ «ሲሞቅ ቁም። ውኃ አጠጣ። አትቸኩል።» ጡረታ ሲወጡ ዱላውን ሰጡኝ። ካርቶኗን እሜቴ ይዛት ወደ ሐራጅ ሄደች።

ከእሳቸው በኋላ አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ሬድዮውን ከእሱ በቀር ማንም እንዳይነካው በደብዳቤ አገደ። ሌላው ለዓመት በዓል የመስክ ጉብኝት የሚወድ ነበር፤ ጎብኝተን በተመለስን ቁጥር ከኋላ ወንበር የበግ ድምፅ ይሰማ ነበር። ከሁሉም ጋር ኖሬያለሁ። መኖር ያቃተኝ ከሙሽራዋ ጋር ነው።

«ሙሽራዋ» ያልናት ለሩዝ ሥራ ተብላ በእርዳታ የተሰጠችንን አዲስ መኪና ነው። ሪባን ተቆርጦላት፣ ንግግር ተደርጎላት ገባች። የመቀመጫዎቿን ላስቲክ ማንሣት ክልክል ሆነ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ላስቲክ ላይ ተቀመጥን። በሚያዝያ ሙቀት ከባሕር ዳር ወረታ ስንደርስ ሱሪያችንን ከወንበሩ ለማላቀቅ ሁለት ሰው ይጎትተን ነበር።

በፊቷ ላይ ያሉትን በተኖች ስቆጥር አርባ ሰባት ላይ ደክሞኝ ተውኩት። ሬድዮ ልከፍት ስነካ ጎኗ ያለው መስተዋት ይታጠፋል። ንፋስ ልቀንስ ስነካ የኋላ መጥረጊያዋ በጠራራ ፀሐይ ይወዛወዛል። በዱባይ በኩል ስለመጣች ስክሪኗ የሚጽፈው በዓረብኛ ነው፤ የምትናገረው ደግሞ በእንግሊዝኛ፤ እኔ የምሳደበው በአማርኛ። ሦስታችንም አልተግባባንም። ፊተኛው ወንበር ላይ ጆንያ ሩዝ ከጫንኩ ቀበቶ እስኪያስር ድረስ ያለማቋረጥ ትጮኻለች። አሰርኩለት። ወረታ ከተማ ውስጥ ቀበቶ ያሰረ የመጀመሪያው ተሳፋሪ አንድ ኩንታል ሩዝ ነው። ካርታዋ ደግሞ ፎገራ ሜዳ ስንገባ ጣና መሀል ያስቀምጠናል። በክረምት ያለችው ልክ ሆኖ ሳገኘው ይበልጥ ተናደድኩ።

መድኃኒቱ መጽሐፏ ውስጥ ነበር፤ አምስት መቶ ስልሳ ገጽ። የጣራ ገዳም መነኮሳት ሱባዔ ይዘው ቢያነቡት ከፍልሰታ እስከ ሁዳዴ አይጨርሱትም። ያየሁት ርክክቡ ዕለት አንዴ ብቻ ነው። የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ይታይሽ፣ መርፌ እንኳ ሳያስፈርሙ ከእጃቸው የማያወጡ ሴት፣ ከጎማ መፍቻውና ከክሪኩ ቀጥለው «መጽሐፍ፣ አንድ» ብለው መዘገቡት። ከዚያ በላስቲክ ጠቅልለው ቁምሳጥን ውስጥ አስገቡት።

«ወይዘሮ ይታይሽ፣ ይሄ እኮ መኪናው ውስጥ የሚቀመጥ ነው።»

«ቢጠፋስ?»

«የተሰጠው ለንባብ ነው።»

«ሲነበብ ቢቆሽሽስ?»

«ታዲያ መቼ ይነበብ?»

«መኪናው በሐራጅ ሲሸጥ አብሮ ይሸጣል» አሉኝ ቁምሳጥኑን እየቆለፉ። «ያኔ የገዛው ያንብበው።»

ሳቅሁ። ለወር ያህል በየሻይ ቤቱ ስተርከው ሰው ሁሉ አብሮኝ ሳቀ። የሳቅሁበትን ነገር በእንባ እንደምከፍለው አላወቅሁም።

ሦስተኛው መስከረም ላይ ሜዳው ውስጥ ቆዳ እያፈላ ከብት የሚጥል በሽታ ገባ። አንድ ቀበሌ ውስጥ ከብት መሞት ጀምሮ ነበርና ክትባት ከባሕር ዳር በበረዶ ሳጥን ተላከ። የእንስሳት ሐኪሟ ሰላም ትባላለች፤ አዲስ አበባ ተወልዳ አድጋ ወረታ የተመደበች፣ ጭቃውን ከእኛ በላይ የለመደች ልጅ። ሳጥኑን ሙሽራዋ ላይ ጭነን ወጣን። ማዶ፣ ከፍ ባለው መሬት ላይ ገበሬዎች ከብታቸውን ይዘው ከንጋት ጀምረው ይጠብቁናል። መሀላችን የርብ ውኃ ተኝቷል።

ዶክተር ሰላም ወርዳ ከወዲህ ያሉትን ገበሬዎች ታነጋግር ጀመር። እኔ እንደ ጋሽ አድማሱ ዱላዬን አነሣሁ። መኪና ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ሳይቆለፍ እንዳይተው የሚል ደብዳቤ ተጽፎልን ስለነበር ሞተሩን አጥፍቼ፣ በሪሞቱ ቆልፌ፣ ሪሞቱን ኪሴ ከትቼ ገባሁ። አሥር እርምጃ ድረስ ጉልበቴ አልረጠበም። አሥራ አንደኛው ላይ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ደረቴ ገባሁ።

ጋሽ አድማሱ ኪሳቸው ውስጥ የነበረው ቁልፍ ብረት ነው። ብረት ውኃ ቢገባበት ምን ይሆናል? የእኔው ሪሞት ግን ከውኃ ስወጣ ጸጥ ብሏል። ብጫነው የለም። ባራግፈው የለም። ፀሐይ ላይ ባሰጣው፣ ብብቴ ውስጥ ባሞቀው፣ ብለምነው የለም። ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ ፍለጋ ሙሽራዋን ዞርኳት። እጀታዋ ልሙጥ ነው። እንዲህ ያለ በር የሠራ ሰው ቤቱ የሚገባው በመስኮት መሆን አለበት።

«ጋሽ ስማቸው» አለችኝ ዶክተር ሰላም፣ «በረዶው ጠዋት ሲደርሰንም ግማሹ ውኃ ሆኖ ነበር። የሳጥኑ ክዳን ተሰንጥቆ በገመድ የታሰረ ነው። ይቺ መኪና ፀሐይ ላይ እንዲህ ተዘግታ ከዋለች እስከ ሰባት ሰዓት አይቆይም።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ተኩል።»

ኩይሳ ላይ ወጥቼ በዶክተሯ ስልክ ለአለቃዬ ደወልኩ። ስብሰባ ላይ ነበር። «መስታወት ልስበር?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የመንግሥት ንብረት ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ኮሚቴ ሳያይ ጠጠር እንዳታነሣ። ወይዘሮ ይታይሽን በሞተር ሳይክል እልክልሃለሁ፤ ሁለተኛው ሪሞት እሳቸው ጋ ነው።» ስልኩን ዘጋው።

ከማዶ ያሉት ገበሬዎች ነገሩ ሲገባቸው እየተሻገሩ መጡ። ከፊት የነበሩት አያ ደርሶ ናቸው፤ ቀጭን፣ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ የሚሉትን በሬያቸውን በገመድ የያዙ። ቦራና ጓደኛው ጥንድ ሆነው ሩዙንም ሽንብራውንም የሚያርሱላቸው ናቸው። የጎረቤታቸው ላም ታማለች። አያ ደርሶ መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ቅርብ ካለ ቤት መጥረቢያ ይዘው ተመለሱ።

«በየት በኩል ልበለው?» አሏት ዶክተሯን።

«በዚህ፣ በኋላው በኩል» አለች።

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ለመጻፍ ስንት ገጽ ቀልድ እንዳስቀደምኩ ይታያችኋል። ሄጄ ጀርባዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። እጆቼን እንደ በረኛ ዘረጋሁ። «መጀመሪያ እኔን ስበሩኝ» አልኩ፤ «እኔ ስሰበር ኮሚቴ አያስፈልግም።»

ሰዉ ሳቀ። ዶክተር ሰላም እንኳ እየተናደደች ፈገግ አለች። አያ ደርሶ አልሳቁም። መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጡና፣ «ልክ ነው» አሉ። «የእኛ ከብቶች የመንግሥት አይደሉማ።»

ያን ጊዜም አልተነሣሁም።

ወይዘሮ ይታይሽ የደረሱት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሞተር ሳይክሉ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ጥሏቸዋል፤ ያመጡትን ግን አልጣሉም። ሁለተኛውን ሪሞት አስፈረሙኝና ሰጡኝ። ተጫንኩት። ሦስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ባትሪው አልቋል። ቀጥለው መጽሐፉን አወጡ፣ በላስቲኩ እንደተጠቀለለ። «ይሄም ቢያስፈልግ ብዬ ነው» አሉ። «እዚህ ጋ ይፈረም።»

ዶክተር ሰላም ሳትፈርም ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው። ማውጫውን በጣቷ እየተከተለች ፈለገች። የመጀመሪያው ስልሳ ገጽ አታድርግ፣ አትንካ፣ የባትሪ ውኃ አትጠጣ ነው። ስንቱ ሾፌር ቢጠጣ ነው ይሄ ሁሉ ምክር? ቆየችና፣ «ገጽ አራት መቶ ሠላሳ ስድስት» አለች። «ጋሽ ስማቸው፣ ያንን የረጠበውን ሪሞት ይስጡኝ።»

ሰጠኋት። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ነገር በጥፍሯ ገፋ አድርጋ ሳበችው። ከሪሞቱ ሆድ ውስጥ ስስ የብረት ቁልፍ ወጣ። በቁልፉ ጫፍ የበሩ እጀታ ላይ ያለውን ክዳን ፈነቀለችው፤ ከሥሩ ቀዳዳ አለ። አንዴ አዞረችው፤ ተከፈተ። ሙሽራዋ የምትሰረቅ መስሏት ጩኸቷን ለቀቀችው። ከንጋት ጀምሮ ቆሞ የዋለው ከብት በርግጎ ሜዳውን ሞላው።

ሳጥኑን ከፈትን። ውስጡ ያለው ውኃ ለብ ብሏል፤ ወንዛዬ ፍል ውኃ ላይ ቢጨምሩት አይለይም። ዶክተሯ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አየችና ክዳኑን መልሳ ዘጋችው።

አያ ደርሶ ቀረብ አሉኝ። «ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነበር?»

«አዎ፣ አያ ደርሶ።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

የቦራን ገመድ ሳብ አድርገው ውኃውን ተሻገሩ። ውኃው ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ጉድጓዱን ያውቁታል።

ሌላ ክትባት እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቦራ በሁለተኛው ሳምንት ሞተ። የሰማሁት ገበያ ላይ ነው። አያ ደርሶ የቀራቸውን አንድ በሬ ከዘመድ በሬ ጋር አቀናጅተው፣ ባለቤቱ የራሱን እስኪጨርስ ጠብቀው፣ ሽንብራቸውን ከአገሩ ሁሉ በኋላ ዘሩ። እርጥበቱ ከመሬቱ ላይ ሸሽቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ግምገማ ላይ እኔ ምስጋና ተሰጠኝ። «በአስቸጋሪ ሁኔታ ውስጥ የመንግሥትን ንብረት ከጉዳት በመጠበቁ» ይላል የምስክር ወረቀቱ። በመስታወት ተደርጎ ነው የተሰጠኝ። ያንን መስታወት ቤት ስደርስ ሰበርኩት። ጊዜው ግን አልፎ ነበር።

ከዚያ ወይዘሮ ይታይሽ ቢሮ ገብቼ፣ «መጽሐፉን ፈርሜ እወስደዋለሁ ወይም ሳልፈርም እወስደዋለሁ» አልኳቸው። ፊቴን አይተው አስፈረሙኝ። ዶክተር ሰላም እያነበበች፣ እኔ እየጻፍኩ፣ ከሥራ በኋላ ሁለት ወር ተቀመጥን። አምስት መቶ ስልሳው ገጽ አንድ ካርቶን ላይ አሥራ አንድ መስመር ሆነ። መሪው አጠገብ በቁስል ፕላስተር ለጠፍኩት። የመጀመሪያው መስመር «ሪሞቱ እምቢ ካለ ቁልፉ ሆዱ ውስጥ ነው» ይላል። አሥራ አንደኛው መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ የራሴ ነው፦ «ውስጥ የሚበላሽ መድኃኒት ካለ መስታወቱን ስበር።»

ካርቶኑን እንደጨረስኩ አያ ደርሶ ጋ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት፤ አፌ ግን ቀልድ እንጂ ይቅርታ አልለመደም። ሪሞቱን አውጥቼ እንዴት እንደሚከፈት አሳየኋቸው። ተቀብለውኝ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቁልፉን አወጡት፤ መለሱት፤ ደግመው አወጡት።

«እንዲህ ቀላል ነው?» አሉ።

«እንዲህ ቀላል ነው።»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሰላምታቸው «ቁልፉ የት ነው?» ሆነ። «ኪሴ ውስጥ፣ አያ ደርሶ» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ደኅና ነህ ወይ የሚሉኝ። ዓመታት አለፉ፤ አንድም ቀን አልረሱም።

ሥራ ስለቅ ኮሚቴ ተሰብስቦ መኪናዋን ለአዲሱ ሾፌር ለሀብታሙ አስረከብኩ። ክሪክ፣ አንድ። የጎማ መፍቻ፣ አንድ። መጽሐፍ፣ አንድ። ካርቶኑ ጋ ሲደርሱ መዝገቡ ላይ አጡት። ንብረት ስላልሆነ ይነሣ ተባለ። አንዱ የኮሚቴ አባል በጥፍሩ ፍቆ አነሣውና ሰጠኝ። መጽሐፉ በአዲስ ላስቲክ ተጠቅልሎ ወደ ቁምሳጥኑ ተመለሰ። ለሀብታሙ በቃል ልነግረው ብሞክር፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ኮምፒዩተር ተምሬያለሁ» አለኝ። ካርቶኑ አሁን መፈልፈያው ውስጥ፣ ከአረንጓዴው ማብሪያ በላይ ተሰቅሏል።

ባለፈው ሳምንት ማሽኑ እየጮኸ ስልኬ ጠራ። ሀብታሙ ነው። የሚለው ስላልተሰማኝ የማሽኑን ቀይ ተጫንኩ።

«ጋሼ፣ ርብ ማዶ ነኝ፣ ክትባት ይዤ። የሪሞቱ ባትሪ አለቀና በሩ እምቢ አለኝ። ያንን ካርቶን…» ብሎ አቋረጠ። የሰው ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የሙሽራዋን ጩኸት። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። «ይተውት፣ ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጡና ሪሞቱን ከእጄ ወስደው፣ በጥፍራቸው ነካ ሲያደርጉት ቁልፍ አወጡበት። ከየት አወቁት በናትዎ?»

«ክትባቱስ?»

«በረዶው እንዳለ ነው። ዶክተሯ ጀምራለች።»

ተንፈስ አልኩ።

«የገረመኝ ግን» አለ ሀብታሙ፣ «ሽማግሌው ሲመጡ መጥረቢያ ይዘው ነው የመጡት። በሩን በቁልፍ የሚከፍቱ ከሆነ መጥረቢያው ለምንዎ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።»

«ምን አሉህ?»

«‹ሾፌሩ እንደዚያኛው ቀልደኛ ከሆነ ብዬ ነው› አሉኝ።»

ስልኩን ዘጋሁና አረንጓዴውን ተጫንኩት። ማሽኑ ይጩህ።